«ናስ» የሚባለው ሳጥንና የክፍላችን ፎቶዎች

(በ20ኛ ዓመት የመገናኛ በዓላችን ላይ የተደረገ ንግግር፤ ለመጽሔቱ በጥቂቱ ታርሞ የቀረበ)



አዘጋጅ ኮሚቴው ደውሎ «ሃያ ደቂቃ ሰጥተንሻል» ሲለኝ ስለ ደም ግፊት ወይም ስለ ስኳር የምናገር መስሎኝ ነበር። የውስጥ ደዌ ሐኪም ነኝ፤ ሌላ ምን ልጠየቅ? «አይ፣ እቤትሽ ስላስቀመጥሽው ሳጥን ንገሪን» አሉኝ። መጀመሪያ ሳቅኩ። በኋላ ግን ነገሩ ለምን እንደተጠየቀ ገባኝ፤ የክፍላችን ፎቶዎች እኔ እጅ ነበሩ፣ እኔ እጅ ላይም ነው የጠፉት። ስለዚህ ዛሬ የቆምኩት እንደ ባለሙያ ሳይሆን እንደ ተበዳሪ ነው። የኮምፒውተር ሰው አይደለሁም። የማውቀውን ያወቅኩት ከእህቴ ልጅ፣ ብዙ ሌሊት ከማንበብ፣ ደግሞም ከስህተቴ ነው።

ታሪኩን ለማታውቁት ባጭሩ ልንገራችሁ። በ1997 ዓ.ም. ስንመረቅ በክፍላችን ዲጂታል ካሜራ ከነበራቸው ጥቂቶች አንዷ ነበርኩ። ባለ 3 ሜጋፒክስል፣ አጎቴ ከውጭ ያመጣልኝ። ዶርም፣ ካፌ፣ ዋርድ በር ላይ፣ ዲውቲ ማግስት ዓይናችን አብጦ፣ የምረቃው ዕለት ጋውን ለብሰን... ያላነሳሁት ነገር የለም። ሁሉም ሰው «አንቺ ጋ አለ አይደል?» እያለ ተማምኖብኝ ሄደ። እኔም ከካሜራው ወደ ሲዲ፣ ከሲዲ ወደ ላፕቶፕ፣ ከላፕቶፕ ወደ አንድ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ እያዛወርኩ ኖርኩ። በመጨረሻ ሲዲዎቹን «ቦታ ያዙ» ብዬ ጣልኳቸው። ሦስት ሺህ ገደማ ፎቶ በአንድ ዲስክ ላይ፣ ዲስኩ በአንድ መሳቢያ ውስጥ።

በ2006 ዓ.ም. ከክፍላችን አንዱን ወንድማችንን አጣን። ስሙን አልጠራም፤ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በ2013 ዓ.ም. የሰባት ዓመቱ መታሰቢያ ሲቃረብ እናቱ ደወሉልኝ። «ልጄ፣ አንቺ ጋ ፎቶው አለ ብለውኛል። ድምፁ ያለበትም ካለ... ድምፁን እየረሳሁት ነው መሰለኝ» አሉኝ።

«አለ እማማ፣ ነገ አመጣልዎታለሁ» አልኳቸው። ማታ መሳቢያውን ከፈትኩና ዲስኩን ሰካሁት። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ። ኮምፒውተሩ ምንም አላየም። ነቀልኩ፣ ደግሜ ሰካሁ። ጠቅ፣ ጠቅ። ይህን ድምፅ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ መረጃ የሚያነበው ጭንቅላት ቦታውን እየፈለገ የሚያጣበት ድምፅ ነው። ያን ጊዜ ማድረግ የነበረብኝ ወዲያው አጥፍቼ መተው ነበር። እኔ ግን ሌሊቱን ሙሉ ስሰካና ስነቅል አደርኩ፤ ይኸውም ቁስሉ ላይ እንጨት እንደመስደድ ነው። በማግስቱ አንድ ጥገና ቤት ወሰድኩት፤ በጠረጴዛቸው ላይ፣ መስኮቱ ክፍት በሆነ ክፍል ውስጥ ክዳኑን ፈቱት። ሃርድ ዲስክ ውስጡ አቧራ እንዳይገባ ታስቦ የሚሠራ ዕቃ ነው፤ ተከፍቶ ሊጠገን የሚችለው በልዩ ንጹሕ ክፍል ብቻ ነው። ያን ቀን አላወቅኩም። በዚያ ነገሩ አበቃ።

ያዳነን አንድ ሲዲ ነው። ከመካከላችን አንዷ ወደ አሜሪካ ስትሄድ «መታሰቢያ ይሁንሽ» ብዬ ያቃጠልኩላት ሲዲ። ያን ሲዲ ከዕቃዋ ሥር ፈልጋ አገኘችውና ላከችልኝ። 41 ፎቶ ነበረበት፤ አንድ የ38 ሰከንድ ቪዲዮም። በቪዲዮው ላይ ወንድማችን ዋርድ በር ላይ ቆሞ የአንድ መምህራችንን አረማመድ እያስመሰለ ይስቃል። መምህራችን እዚህ ተቀምጠዋል፤ ይቅርታዎን እጠይቃለሁ፣ በጣም ይመሳሰላል። እናቱ ቪዲዮውን ስንት ጊዜ እንዳዩት አልቆጠርኩም።

ያን ዕለት አንድ ነገር ገባኝ። ያዳነን ጥሩ ዕቃ አይደለም፤ ሌላ ቦታ የተቀመጠ ሁለተኛ ቅጂ ነው። ከዚህ በኋላ ስለ ሳጥኑ የምላችሁ ሁሉ በዚህ ላይ የቆመ ነው።

ሳጥኑ ምንድን ነው?

በእንግሊዝኛ ምህጻሩ «ናስ» ይሉታል። እናቴ ስትሰማ «እንዴ፣ እንደ ሰታቴው ነው?» ብላኛለች። ከመዳቡ ናስ ጋር አይዛመድም። በኔትወርክ ላይ የሚቀመጥ ማከማቻ ማለት ነው፦ የዳቦ መጋገሪያ ቆርቆሮ የሚያህል ሳጥን፣ ውስጡ ሁለት ወይም አራት ሃርድ ዲስክ የሚገባበት፣ በኬብል ከራውተራችሁ ጋር የሚገናኝ። ከዚያ በኋላ የቤቱ ስልክ ሁሉ፣ ላፕቶፑ ሁሉ እዚያ ያስቀምጣል፣ ከዚያ ያነባል። ኤክስተርናል ዲስክ ከአንድ ኮምፒውተር ጋር ይሰካል፤ ይኼ ግን ራሱ ትንሽ ኮምፒውተር ነው። የራሱ ፕሮሰሰር፣ የራሱ ሜሞሪ፣ የራሱ ስርዓተ ክወና አለው። ቀንና ሌሊት በርቶ ይኖራል። የቤት ሰርቨር የሚባለውም ለዚህ ነው።

ታዲያ የትኛው ይገዛ? እኔ ገበያ ከመሄዴ በፊት እህቴ ልጅ አራት ጥያቄ ጠየቀኝ። ታሪክ ሳይወሰድ መድኃኒት አይታዘዝም፤ ይህን ለእናንተ መንገር የለብኝም።

አንደኛ፣ ምን ያህል አለሽ? ተቀምጬ ቆጠርኩ። የስልኮቻችን ፎቶና ቪዲዮ፣ የልጆቹ፣ የማስተማሪያ ስላይዶቼ፣ የባለቤቴ ሥራ፤ ተደምሮ 1.4 ቴራባይት ሆነ። በዓመት ወደ 200 ጊጋባይት ይጨምራል። የአምስት ዓመቱን ስደምር 2.4 ቴራባይት መጣ፤ ስለዚህ 4 ቴራባይት ይበቃኛል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ በፍርሃት 16 ቴራባይት ይገዛና ሦስት አራተኛውን ባዶ ያኖራል። ገንዘቡ ለሁለተኛው ቅጂ ቢውል ይሻላል።

ሁለተኛ፣ ለምን ትፈልጊዋለሽ? ፋይል ለማኖር ብቻ ከሆነ ደካማ ፕሮሰሰርም ይበቃል። ፊልም እየቀየረ ወደ ቴሌቪዥን እንዲልክ፣ የደህንነት ካሜራ እንዲቀዳ፣ ሌላም ፕሮግራም እንዲያሄድ ከተፈለገ ግን ጠንከር ያለ ፕሮሰሰርና ሜሞሪ ያስፈልጋል።

ሦስተኛ፣ ማን ያስታምመዋል? እዚህ ላይ መንገዱ ሦስት ነው። አንደኛው ተዘጋጅቶ የሚሸጥ ሳጥን መግዛት ነው፤ ሲኖሎጂና ኪውናፕ የታወቁት ናቸው። ዲስኩን ታስገባላችሁ፣ ጥያቄዎቹን ትመልሳላችሁ፣ በአንድ ከሰዓት ይነሳል። ሁለተኛው አሮጌ ኮምፒውተር ላይ እንደ ትሩናስ ወይም ኦፕንሚዲያቮልት ያለ ነጻ ሶፍትዌር መጫን ነው፤ ርካሽ ነው፣ ኃይሉም ብዙ ነው፣ ግን ሲታመም ሐኪሙ እናንተው ናችሁ። ሦስተኛው እንደ ራስፕቤሪ ፓይ ያለች የመዳፍ ስፋት ያላት ኮምፒውተር ላይ ኤክስተርናል ዲስክ መሰካት ነው፤ ለመማሪያ ግሩም ነው፣ ለብቸኛ ቅጂ ግን አላምነውም።

እህቴ ልጅ ሁለተኛውን ወዶ ነበር። ወጣት ነው፣ መፍታትና መግጠም ይወዳል። እኔ ግን አራተኛውን ጥያቄ ራሴ ጠየቅኩት፦ እኔ ነገ ብሞት ይህን ሳጥን ማን ይከፍተዋል? ባለቤቴ የሂሳብ ሰው ነው፤ ጥቁር ስክሪን ላይ ትእዛዝ ጽፎ አያውቅም። ስለዚህ ተዘጋጅቶ የሚሸጠውን፣ ባለ ሁለት ዲስኩን ገዛሁ። የይለፍ ቃሉን በወረቀት ጽፌ አሽጌ፣ የቤቱ ካርታ ካለበት ፖስታ ጋር አስቀመጥኩት። እንዴት እንደሚከፈትም ባለቤቴን አንድ እሑድ አስቀምጬ ራሱ እንዲያደርገው አደረግኩ። እኛ ሐኪሞች ስለ ሌላው ሰው ሞት ብዙ እናውቃለን፤ ስለ ራሳችን ግን የይለፍ ቃል እንኳ ጽፈን አናስቀምጥም።

ስለ ዲስኮቹ

ከሳጥኑ ይልቅ ጥንቃቄ የሚፈልገው ውስጡ የሚገባው ዲስክ ነው። አራት ነገር ልበላችሁ።

የመጀመሪያው፣ ልኩ። 4 ቴራባይት የተባለው ዲስክ ኮምፒውተራችሁ ላይ 3.6 ብሎ ሲታይ ተታለልኩ አትበሉ። ሻጩ በሺህ ይቆጥራል፣ ኮምፒውተሩ በ1024፤ ልዩነቱ ያ ነው።

ሁለተኛው፣ አጻጻፉ። ሲኤምአርና ኤስኤምአር የሚባሉ ሁለት ዓይነት ዲስኮች አሉ። ኤስኤምአር ብዙ መረጃ ለማጨቅ ሲል የጽሑፍ መስመሮቹን አንዱን በአንዱ ጫፍ ላይ ይደርባል። የቤት ቆርቆሮ ክዳን አስቡ፤ አንዱ በሌላው ላይ ተደርቦ ይመታል። መሃል ያለውን አንድ ቆርቆሮ ለመቀየር ላዩ የተደረበውንም ማንሳት ግድ ነው። ዲስኩም አንድ ነገር ለመለወጥ የጎረቤቱን መልሶ መጻፍ አለበት፤ ስለዚህ ብዙ ሲጫንበት ይንቀረፈፋል። ለናስ የሚመከረው ሲኤምአር ነው። በ2020 እ.ኤ.አ. ዌስተርን ዲጂታል ለናስ ብሎ ከሚሸጣቸው «ሬድ» ዲስኮች አንዳንዶቹ ኤስኤምአር መሆናቸውን አምኗል፤ አሁን «ሬድ ፕላስ» እና «ሬድ ፕሮ» የሚባሉት ሲኤምአር ናቸው። የሲጌት «አይረንዎልፍ»ም እንዲሁ። ስትገዙ ሙሉ የሞዴል ቁጥሩን ከአምራቹ ዝርዝር ጋር አመሳክሩ፤ ሳጥኑም ያን ዲስክ እንደሚቀበል በዚያው እዩ።

ሦስተኛው፣ ያገለገለ ዲስክ። ገበያችን ላይ «አዲስ ነው» ተብሎ የሚሸጥ ያገለገለ ዲስክ ሞልቷል። ዲስኮች «ስማርት» የሚባል የራሳቸውን የጤና መዝገብ ይይዛሉ፤ ስንት ሰዓት እንደበሩ እዚያ ይጻፋል። ሻጩ ፊት ላፕቶፕ ላይ ሰክታችሁ እዩት። መዝገቡን የሚያጠፉ አሉና ዜሮ ማለቱ ማረጋገጫ አይሆንም፤ 30,000 ሰዓት ካለ ግን ዲስኩ ከሦስት ዓመት በላይ ሳያርፍ ሠርቷል ማለት ነው። ከውጭ በዘመድ የምታስመጡ ደግሞ በሻንጣ ሳይሆን በእጅ እንዲይዙላችሁ ለምኗቸው። ዋስትናውም የተገዛበት አገር ላይ ሊቀር እንደሚችል አስቡበት።

አራተኛው፣ መንታ አትግዙ። ሁለቱን ዲስኮች ከአንድ ሱቅ፣ ከአንድ ካርቶን ብትገዙ አንድ ቀን ተወልደው በአንድ ሰሞን ሊያልፉ ይችላሉ። እኔ ከሁለት የተለያዩ አምራቾች ገዛሁ።

አንድ ጓደኛችን «አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ናት፤ ዲስክ አይጎዳም?» ብሎ ጠይቆኝ ነበር። ጥያቄው ሞኝነት አይደለም። የዲስኩ አንባቢ ጭንቅላት የሚንሳፈፈው በቀጭን አየር ላይ ነው፤ ብዙዎቹ አምራቾች እስከ 3,048 ሜትር ከፍታ ድረስ እንዲሠራ ይፈቅዳሉ። አዲስ አበባ ከ2,300 እስከ 2,500 ሜትር ገደማ ናት፤ ደብረ ብርሃንም 2,800 አካባቢ ናት፤ ችግር የለም። የሚጎዳው ሙቀትና አቧራ ነው። ቁምሳጥን ውስጥ አትዝጉበት፤ ምጣድ የሚሰማበት ክፍል ውስጥም አታስቀምጡት።

ሁለት ዲስክ ለምን?

ሳጥኑ ሁለቱን ዲስኮች አንድ ዓይነት አድርጎ ይጽፍባቸዋል። «ሬይድ 1» ይሉታል። አንዱ ቢሞት ሌላው ይቀጥላል፤ ሳጥኑ ይጮኻል፣ የሞተውን አውጥታችሁ አዲስ ታስገባላችሁ፣ እሱ ራሱ ይገለብጣል። ዋጋው ግማሹን ቦታ ማጣት ነው፤ ሁለት ባለ 4 ስትገዙ የምትጠቀሙት 4ቱን ብቻ ነው። አራት ዲስክ ካላችሁ «ሬይድ 5» ከአራቱ የአንዱን ያህል ቦታ ብቻ ይወስዳል፤ ባለ 4 አራት ሲሆኑ 12 ይቀራችኋል። ሐሳቡ አሮጌ ነው፤ ስያሜው የመጣው በ1988 እ.ኤ.አ. ከበርክሊ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጽሑፍ ነው።

አሁን ግን አንድ ነገር ከዚህ አዳራሽ ይዛችሁ ውጡ ብባል ይኼን እላለሁ፦ ሬይድ መጠባበቂያ ቅጂ አይደለም። ሳጥኑን በገዛሁ በሦስተኛው ወር ትንሿ ልጄ ስልኬን ይዛ ስትጫወት «የ2014 ፎቶዎች» የሚለውን ፎልደር አጠፋችው። ሁለቱ ዲስኮች እጅግ ታዛዥ ናቸው፤ ሁለቱም ላይ በአንድ ሰከንድ ጠፋ። መስታወት ፊት ቆማችሁ ፀጉራችሁን ብትቆረጡ መስታወቱ ውስጥ ያለው ሰው ፀጉሩ አይቀርለትም። ያተረፈኝ እህቴ ልጅ አስቀድሞ የከፈተው ስናፕሾት የሚባል ነገር ነው፤ ሳጥኑ በየሌሊቱ የፋይሎቹን ሁኔታ ይመዘግባል፣ ወደ ትናንቱ መመለስ ይቻላል። ሳጥን ስትመርጡ ስናፕሾት መኖሩን ጠይቁ፤ ርካሾቹ ላይ ላይኖር ይችላል።

ስናፕሾት ግን ከሌባና ከእሳት አያድንም። ለዚህ «3-2-1» የሚባል ደንብ አለ፤ ፎቶግራፈሩ ፒተር ክሮግ ያስፋፋው ነው። ሦስት ቅጂ ይኑራችሁ፣ በሁለት የተለያየ ዓይነት ማከማቻ፣ አንዱ ከቤት ውጭ። እኔ እንዲህ አደረግኩት፦ አንዱ በሳጥኑ ውስጥ ነው። ሁለተኛው በኤክስተርናል ዲስክ ላይ ነው። ሦስተኛውም ኤክስተርናል ዲስክ ነው፣ ግን የሚኖረው እህቴ ቤት፣ ሌላ ክፍለ ከተማ ነው። በየወሩ ቡና ስንጠጣ ሁለቱን እንለዋወጣለን፤ የወሰድኩትን አድሼ በሚቀጥለው ወር እመልሳለሁ። ዲስኮቹ በይለፍ ቃል ተቆልፈዋል፤ ቢሰረቁም ሌባው የሚያገኘው ብረቱን ነው።

«ለምን ክላውድ ላይ አታስቀምጪም?» ትሉኛላችሁ። ይቻላል፤ ውጭ ለምትኖሩት ምናልባት እሱ ይቀላል። ለእኛ ግን ክፍያው በውጭ ምንዛሪ ነው፣ በየወሩም ነው። ደግሞ እናስላው፦ ወደ ላይ የመላኪያ ፍጥነታችሁ በሰከንድ 10 ሜጋቢት ቢሆንና አንድም ጊዜ ባይቋረጥ፣ 1 ቴራባይት ለመላክ ከዘጠኝ ቀን በላይ ይፈጃል። ስለዚህ እኔ ክላውድ ላይ ያደረግኩት የማይተኩትን ብቻ ነው፤ የተመረጡ ፎቶዎችንና ሰነዶችን።

መብራትና ኬብል

መብራታችንን ታውቁታላችሁ። ሳጥኑ እየጻፈ ሳለ መብራት ቢሄድ ፋይል ሊበላሽ ይችላል፤ ሲመለስ የሚመጣው ኃይለኛ ግፊት ደግሞ ዕቃውን ራሱን ያቃጥላል። እኔ መጀመሪያ ስታብላይዘር ገዝቼ ተኝቼ ነበር። ስታብላይዘር ቮልቴጅ ያስተካክላል እንጂ መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። የሚያስፈልገው ባትሪ ያለው ዩፒኤስ ነው፤ እሱም ዓይነት አለው። ከሳጥኑ ጋር በዩኤስቢ ገመድ የሚነጋገረውን ምረጡ። መብራት ሲሄድ ዩፒኤሱ «በባትሪ ላይ ነኝ» ብሎ ይነግረዋል፤ ሳጥኑም ጥቂት ደቂቃ ጠብቆ ፋይሎቹን ዘግቶ ራሱን በሥርዓት ያጠፋል። እናንተ ሥራ ላይ ብትሆኑም፣ ሌሊት ብትተኙም። የዩፒኤሱ ባትሪ በጥቂት ዓመታት ይደክማልና መቀየሩን አትርሱ። የሳጥኑ ፍጆታ አያስፈራ፤ ባለ ሁለት ዲስኩ 20 ዋት ገደማ ቢወስድ ነው፣ በወር ከ15 ኪሎዋት ሰዓት በታች።

ኬብሉንም እዩት። ያረጀ ራውተር በሰከንድ 100 ሜጋቢት ብቻ ያሳልፋል፤ በእሱ 1 ቴራባይት ለመገልበጥ አንድ ሙሉ ቀንና ከዚያም በላይ ይፈጃል። ጊጋቢት በሚያሳልፍ ራውተርና ኬብል ግን ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ውድ ሳጥን ገዝቶ በአሮጌ ራውተር ማነቅ፣ ፍሪጅ ገዝቶ በሩን ከፍቶ እንደማሳደር ነው።

በሩን ዝጉ

በግንቦት 2017 እ.ኤ.አ. «ዋናክራይ» የተባለው ቫይረስ በብሪታንያ ሆስፒታሎች ኮምፒውተሮችን ቆልፎ ቀጠሮ እስከማሰረዝ አድርሷል። ያ የትልልቆቹ ነገር መስሎን ነበር። በጥር 2022 እ.ኤ.አ. ደግሞ «ዴድቦልት» የተባለው በቀጥታ በኢንተርኔት ላይ ተጋልጠው የነበሩ የኪውናፕ ሳጥኖችን እያደነ ፋይሎቻቸውን ቆልፎ ገንዘብ ጠየቀ። ከተጎጂዎቹ ብዙዎቹ እንደ እኔና እንደ እናንተ ያሉ የቤት ሰዎች ናቸው፤ የልጅ ፎቶ ያስቀመጡ።

ስለዚህ ሳጥኑን ለኢንተርኔት በቀጥታ አትክፈቱት። ሻጩ «ከሥራ ቦታሽ እንድታዪው ራውተሩ ላይ ፖርት ልክፈትልሽ» ካላችሁ «አይሆንም፣ እግዜር ይስጥልኝ» በሉት። ከውጭ መግባት ከፈለጋችሁ በቪፒኤን ይሁን። «አድሚን» የሚለውን የተለመደ ስም ዝጉት፤ ሁለተኛ ማረጋገጫ በስልክ አብሩ፤ ማሻሻያ ሲመጣ አታሳድሩት። ከቤት ውጭ ያለው ዲስክ የተነቀለ መሆኑ ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው፤ ያልተሰካ ነገር ማንም በኢንተርኔት ገብቶ አይቆልፈውም።

እናም ሞክሩት። በየሦስት ወሩ አንድ ፋይል ከመጠባበቂያው መልሼ እከፍታለሁ። የድንገተኛ ክፍል ኦክስጅን ሲሊንደር ግድግዳ ሥር ስለቆመ ብቻ ሙሉ ነው አንልም፤ ጌጁን እናያለን። ያልተሞከረ ቅጂም እንደዚያው ነው።

ለሐኪሞች ብቻ

አሁን የሚከብደኝን ልናገር። ሁሉንም ፋይሌን ወደ ሳጥኑ ሳዛውር «ለማስተማሪያ» የሚል ፎልደር አገኘሁ፤ ከሬዚደንሲ ዘመኔ ጀምሮ ያጠራቀምኩት። ራጅ፣ ሲቲ፣ የቆዳ ቁስል፣ ኢሲጂ። ብዙዎቹ ላይ የታካሚው ሙሉ ስም፣ ዕድሜና የካርድ ቁጥር ጥግ ላይ ተጽፏል። አንዳንዶቹ ላይ ፊታቸው ይታያል። ያ ፎልደር በየላፕቶፑ፣ በየፍላሹ፣ አንዴም ኢንተርኔት ቤት ኮምፒውተር ላይ ሳይቀር አብሮኝ ዞሯል። ማንም ክፉ ሐሳብ አልነበረውም፣ እኔም አልነበረኝም። ግን እነዚያ ሰዎች ያመኑኝ ዋርድ ውስጥ እንጂ መሳቢያዬ ውስጥ ሊኖሩ አልነበረም።

የዲጂታል ራጅና ሲቲ ፋይሎች፣ ዳይኮም የምንላቸው፣ ምስሉ ላይ ስም ባይታይም በውስጣቸው ስም፣ የትውልድ ቀንና ቁጥር ይይዛሉ። ጥጉን ቆርጦ ማስቀመጥ ብቻ አይበቃም። አገራችንም በ2016 ዓ.ም. የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ን አውጥታለች፤ የጤና መረጃ የተለየ ጥንቃቄ የሚሻ መረጃ ነው። ነገር ግን አዋጁ ባይኖርም የማልነው መሐላ አለ።

ሁለት ቅዳሜና እሑድ ተቀምጬ ፎልደሩን አጸዳሁት። ማንነቱ ሙሉ በሙሉ ሊጠፋለት የሚችለውንና ለማስተማር የሚጠቅመውን አስቀረሁ፤ የቀረውን ሰረዝኩ። ከአሮጌዎቹ ፍላሾችም ጭምር። መሰረዝ ከበደኝ፤ አንዳንዶቹን ታካሚዎች አስታውሳቸዋለሁ። ውድ መምህራኖቼ፣ ውድ ጓደኞቼ፣ የቤት ሳጥን የታካሚ መዝገብ ማኖሪያ አይደለም። ይህን ለናንተ የምለው ራሴ ስላደረግኩት ነው።

ወደ እዳዬ ልመለስ

የኮሚቴው ጥያቄ «የቀድሞ ተማሪዎች ማኅበር ለፎቶዎቹና ለሰነዶቹ ምን ይግዛ?» የሚል ነበር። መልሴ ይኼ ነው። አንድ ትልቅ ሳጥን አትግዙ። ሁለት መካከለኛ ግዙ። አንዱ እዚህ ግቢያችን ውስጥ፣ ቤተ መጻሕፍቱ ከፈቀደ እዚያ፤ ሁለተኛው ውጭ አገር ካሉት ልጆቻችን በአንዱ ቤት። ሁለቱ በቪፒኤን ሌሊት ሌሊት እየተገናኙ አዲሱን ብቻ ይለዋወጡ፤ በየሌሊቱ ጥቂት ስለሆነ የእኛም ኢንተርኔት ይችለዋል። የመጀመሪያውን ትልቅ ቅጂ በዲስክ እናድርሰው፤ አውሮፕላን ከኢንተርኔታችን ይፈጥናል። ኃላፊው አንድ ሰው አይሁን። «አንቺ ጋ አለ አይደል?» የሚባል ሰው ዳግመኛ አይኑር። የይለፍ ቃሉ ሦስት ሰው ጋ ይቀመጥ፣ ከሦስቱ አንዱ ከወጣቶቹ ይሁን።

ጡረታ የወጣችሁ መምህራን ጋ ደግሞ ሌላ ሀብት አለ፤ በፕሮጀክተር እያሽከረከራችሁ ያስተማራችሁን የፊልም ስላይዶች። ሻጋታ ሳይበላቸው እንስካናቸው። የታካሚ ማንነት ያለበትን ለይተን ማስቀረቱን እኔ በፈቃደኝነት እሠራለሁ፤ ልምዱ አለኝ።

እናንተ ደግሞ ቤት ስትገቡ ሣጥናችሁን ፈትሹ። ያ ሲዲ አንድ ሰው ጋ እንደነበረ ሌላም ሰው ጋ ሌላ ሊኖር ይችላል። ሲዲም ዕድሜ አለው፤ ቀለሙ ይለቃል፣ ከዓመት ዓመት ማንበቡ ይከብዳል። ከጠፉት ሦስት ሺህ ፎቶዎች እስካሁን ከተለያዩ ሰዎች 312 አግኝቻለሁ፤ አንዳንዱ የታጠበ ፎቶ ከአልበም ተነስቶ የተላከ ነው። እናቱም ከሳምንት በፊት ደውለውልኝ «ሌላ አልተገኘም?» ብለውኛል። አሁን ያሉት 38ቱ ሰከንዶች በአራት ቦታ ተቀምጠዋል። ሠላሳ ዘጠነኛው ምናልባት ከእናንተ አንዳችሁ መሳቢያ ውስጥ ይሆናል።

እህቴ ልጅ ከአዳራሹ በር በስተቀኝ ላፕቶፕ፣ የሲዲ ማንበቢያና ስካነር ይዞ ተቀምጧል፤ ነገም እስከ ምሳ ይቆያል። ያመጣችሁትን ገልብጦ ወዲያው ይመልስላችኋል። ጠቅ ጠቅ የሚል ዲስክ ያላችሁ ግን እባካችሁ አትሰኩት፤ እንደዚያው ይዛችሁ ኑ።